ቀጭን ፀሐይ

ጣሪያዋን ጠግኜ ሒሳቤን ስጠብቅ፣
ጠርሙስ በክንዷ አቅፋ ከምድር ቤት ብቅ።
«ቸኩለህ አትጠጣ» አለችኝ ሂልትሩድ፣
ብርጭቆዋን ይዛ ወደ መስኮት ስትሄድ።
ኅዳር ነው። ማይሾስ ጭጋግ ለብሳለች፤
የአር ወንዝ ከእግሯ ሥር ታጉረመርማለች።

ቀለሙን አየሁት፤ በሆዴ ታዘብኩ፤
ጣቶቼን በውስጡ አንድ ባንድ ቆጠርኩ።
እኔ የማውቀው ቀይ ደረቱ ሰፊ ነው፣
ፀሐይ ሳትሰስት አብስላ ያጠገበችው፤
ደጅ ላይ ተቀብሎ አንገት የሚስም፣
ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ወሬው የሚከስም።

ይኸኛው ዓይን አፋር።
ተጎነጨሁለት፤
ያልበሰለ እንጆሪ፣ ጠል ያደረበት፣
ምላሴን በስሱ ምላጭ ያለፈበት።
«ውሃ ነክቶታል ወይ?» ልላት አሰብኩና፣
አፍሬ ዋጥኩት፣ ከነጥያቄው ገና።

«ጠብቀው» አለችኝ፣ «እንደ ሰው ይለመዳል፤
አንዳንዱ እንግዳ ኮቱን ለማውለቅ
ግማሽ ሌሊት ይፈጅበታል።»

ከቤቷ ጀርባ ገደል ቆሟል ቀጥ ብሎ፣
በትከሻው ጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ አዝሎ፤
ጣሪያ ላይ የማውቀው፣ በሚስማር የማስረው፣
እዚያ ግን ልቅ ነው፤ እግር ነው የሚያስተው።
ፀሐይ በዚያ አገር ደመወዟ ትንሽ ነው፤
እሱንም ደመና ቆርጦ ነው የሚሰጠው።
ድንጋዩ ያችኑ ቀን ቀን ይበደራል፣
ሌት ብርዱ ሲወርድ ለወይኑ እግር ይመልሳል።
እዚያ ቁልቁለት ላይ ብድር በምድር ነው፤
ውል የለ፣ ዋስ የለ፣ ድንጋዩ ነው ሰው።

«ይኼ የዚያ ዓመት ነው» አለች፣ «የውርጩ ዓመት።
ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ከንጋቱ በፊት፣
ወንድሜ ኤግበርት በሬን ደበደበ፤
ሰማዩ ጠርቶ ነው፣ ኮከቡ ቀረበ።
በቆርቆሮ ሰም ይዘን ገደሉን ወጣን፣
በየረድፉ መኻል አንድ ባንድ ለኮስን።
ከማዶ ለሚያየን የበዓል ሌሊት ነው፤
እኛ ግን አለቀስን፤ ያሳበብነው በጭሱ ነው።
ጧት ከሦስት እንቡጥ ሁለቱ ጠቁሯል።
ሰሙም አልቋል።
ኤግበርት ‹ከርሞ ጥጃ ነው! ንቀይው!› ብሎ ፈረደ፤
‹ድንች ይሻልሻል› ብሎኝ፣ ቁልቁል ወረደ።

አልነቀልኩም። ስንፍናም ነው፣ ግትርነትም ነው።
ካንድ እግር አንድ ዘለላ፣ ያውም እንደ ጡጫ፤
ጥቅምት እስኪጋመስ ከወፍ ጋር ሩጫ።
አንድ በርሜል እንኳ ሳይሞላልኝ ቀረ።»

ዝም አለች። የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ።
ከመዳፌ ሙቀት ወይኑ ተበደረ፣
ኮቱን ማውለቅ ጀመረ።

ቼሪ ነው፣ ከነፍሬው፣ ከነምሬቱ፤
ኋላም ጫካ ሆነ፣ ዝናብ ያባራለቱ፤
የወደቀ ቅጠል፣ የእንጉዳይ ጠረን፣
ክብሪት ተጭሮ ሲጠፋ የሚቀረውን፤
ከጉሮሮ አፋፍ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣
እዚህም አንድ ፍሬ፣ እዚያም አንድ ፍሬ፤
እርጥብ ሰሌዳ ደግሞ፣ ጠመኔው ተጠርጎ፣
ትናንት የተጻፈው ሊነበብ ፈልጎ።

ጎምዛዛው አልሄደም፤ እዚያው እቦታው ነው፤
አሁን ሳስተውለው ግን አከርካሪው ነው።
እሱ ባይኖር ቼሪው ይተኛ ነበረ፣
ጣዕሙም አፌ ውስጥ ቆሞ ባላደረ።

«ስንት ጠርሙስ ቀረሽ?»
«አራት ነበር። በዚህ ሦስት ሆነ።»
«ኤግበርትስ?» አልኳት።
ሣቋ ቀድሟት መጣ፤ «በየኅዳሩ ይመጣል፤
‹ድንች ይሻልሽ ነበር› ይልና፣ ደግሞ ይቀዳል።»

ስወጣ መሽቶ ነበር። ግንቡን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል፤
የተበደረውን ድንጋዩ ከፍሎ ጨርሷል።
ድልድዩ ላይ ስደርስ፣ አፌ ገና ቼሪ ቼሪ እንዳለ፣
ሒሳቤን መርሳቴ ትዝ አለኝ።
አልተመለስኩም።